ክፍሎቹ ለቼክ ኢን ሰዓት አይደርሱም፦ የሀውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘር ድልድሉንና ፍተሻውን እንዴት ይያዘው?

አዲስ_ሱፐርቫይዘር
ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ በሆቴል ሀውስኪፒንግ (የክፍል ጽዳት) ስለ ፎቅ ሱፐርቫይዘር ሥራ ነው። ባለ 120 ክፍል ሆቴል እንውሰድ። በአንድ ቀን 48 ክፍል ይለቀቃል፣ በ52ቱ እንግዳ ይቀጥላል፣ 20ው ባዶ ነው። ቼክ አውት (እንግዳ ክፍል የሚለቅበት) እስከ 12፡00፣ ቼክ ኢን (አዲስ እንግዳ የሚገባበት) ከ14፡00 ጀምሮ (በ24 ሰዓት አቆጣጠር)። ለእያንዳንዷ ሩም አቴንዳንት (ክፍል አጽጂ) 14 ክፍል እኩል ሲታደል አንዷ በ13፡00 ትጨርሳለች፣ ሌላዋ ፈረቃው አልቆም 3 ክፍል ይቀራታል። ሱፐርቫይዘሩ ፈትሾ እስኪለቅ ደግሞ ሪሴፕሽን እንግዳ አስቀምጦ ደጋግሞ ይደውላል። ችግሩ የሰው ማነስ ነው ወይስ ድልድሉ? ፍተሻውስ ሳይላላ እንዴት ይፍጠን? በቁጥር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የፎቅ_ኃላፊ
እህቴ፣ ሰው አነሰ ከማለትሽ በፊት ድልድሉን እዪው። ክፍል የሚታደለው በደቂቃ እንጂ በቁጥር አይደለም። የ8 ሰዓት ፈረቃ 480 ደቂቃ ነው። ከዚያ ላይ የጠዋት ስብሰባ 15፣ ትሮሊ (የጽዳት ዕቃና የአንሶላ ጋሪ) መጫን 15፣ ምሳ 30፣ እረፍት 15፣ ማታ ትሮሊውን አጽድቶ ማስረከብ 20 ሲቀነስ ለክፍል የሚተርፈው 385 ደቂቃ ነው። የሚለቀቅ ክፍል 35 ደቂቃ፣ እንግዳ የሚቀጥልበት 20 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። (ይህን ግን በራስሽ ሆቴል ሰዓት ይዘሽ ለኪው። ሁለት አልጋ፣ ምንጣፍ፣ ገንዳ ያለው መታጠቢያ ቤት ሁሉም ቁጥሩን ይቀይሩታል።)

48 በ35 ሲባዛ 1680። 52 በ20 ሲባዛ 1040። ድምር 2720 ደቂቃ። ለ385 ሲካፈል ከ7 ሰው ጥቂት ያልፋል። ስለዚህ 8 ሰው ያስፈልጋል። በ7 ከተገባ አንድ ሊፍት ሲበላሽ ወይም አንዲት ልጅ ስትታመም ቀኑ ይፈርሳል።

አሁን የ14 ክፍሉን እኩል ድልድል ተመልከቺ። አንዷ ዕጣዋ ሁሉ የሚለቀቅ ከሆነ 490 ደቂቃ፣ ሌላዋ ሁሉም እንግዳ ያለበት ከሆነ 280 ደቂቃ ነው። የ210 ደቂቃ ልዩነት ማለት ነው። ልጅቷ ሰንፋ አይደለም፣ ወረቀቱ በድሏት ነው።

ነጥብ ስጪው። እንግዳ ያለበት 1፣ የሚለቀቅ 1.75። 52 ሲደመር 84፣ 136 ነጥብ። ለ8 ሰው እያንዳንዷ 17 ነጥብ፣ ማለትም 340 ደቂቃ ይደርሳታል። የተረፈው 45 ደቂቃ ለመንገድና ተመልሶ ለማንኳኳት ነው፤ ትርፍ ጊዜ እንዳይመስልሽ። በተቻለ መጠን የአንዷ ክፍሎች አንድ ፎቅ ላይ ይሁኑ። ትሮሊ ይዛ ሦስት ፎቅ የምትዞር ሴት በሊፍት ጥበቃ ብቻ ሁለት ክፍል የሚሠራበት ጊዜ ታጣለች።

ሊነን_ክፍል
በነጥቡ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከ10፡00 በፊት የሚለቀቁት ክፍሎች ጥቂት ናቸው፣ ከ10፡00 እስከ 12፡00 ግን በአንዴ ይጎርፋሉ። ስለዚህ ጠዋት ላይ ቀድመው የወጡትን፣ «ክፍሌ ይጽዳ» የሚል ምልክት የተሰቀለባቸውንና እንግዳው ለሥራ የወጣባቸውን ይጀምሩ። ከ10፡00 በኋላ አንድ ሰው አንሶላና ፎጣ ብቻ እየገፈፈ ከፊት ከፊት ይሂድ። ጥቅሙ ፍጥነት ብቻ አይደለም። የተረሳ ዕቃ እንግዳው ገና ሎቢ ሳለ ይገኛል፣ የሚኒባሩ (የክፍሉ መጠጥ ማቀዝቀዣ) ሂሳብ ሳይዘጋ ይደርሳል፣ የተበከለ የፍራሽ መከላከያ በ10፡30 ይታያል። በ13፡40 ቢታይ ኖሮ የምትክ ፍለጋ ሩጫ ይሆን ነበር። ላውንደሪውም ሥራውን ቀድሞ ይጀምራል።

የፍተሻ_ሰው
ወደ ፍተሻው ልምጣ። እያንዳንዱን የሚለቀቅ ክፍል መፈተሽ ከመንገዱ ጋር 6 ደቂቃ ይወስዳል። 48 በ6 ሲባዛ 288 ደቂቃ ነው። ከ10፡00 እስከ 14፡00 ያለው ግን 240 ደቂቃ። ስለዚህ አንድ ሱፐርቫይዘር ሁሉንም በወጉ ፈትሾ በሰዓቱ ሊለቅ አይችልም፤ ይህን ከአለቃ ጋር ስትነጋገሪ ወረቀት ላይ አሳዪው። ወይ ሁለተኛ ሰው ይመደባል፣ ወይ የሥራ ጥራታቸው የተረጋገጠ አቴንዳንቶች ክፍላቸውን ራሳቸው ፈትሸው ይለቁና ሱፐርቫይዘሩ ከየሦስቱ አንዱን ሳይነግራቸው ያያል።

ፍተሻው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ይሂድ። በሩን እንደከፈትሽ መብራት ሳትነኪ፣ ቆም ብለሽ አሽትቺ። አፍንጫ ብዙም ሳይቆይ ሽታውን ይለምደዋል፤ ሲጋራ፣ እርጥበት፣ የደረቀ የፍሳሽ መውረጃ የሚያዘው በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ ከበሩ ግራ ጀምረሽ ግድግዳውን ተከትለሽ በሩ ላይ ተመለሺ። የነካሽውን ሁሉ አሠሪው፦ እያንዳንዱን መብራት፣ ቴሌቪዥኑን በሪሞቱ፣ ስልኩን አንስተሽ ድምፁን፣ ካዝናውን ከፍተሽ ዘግተሽ። መጋረጃውን እስከ ጫፍ ሳቢው፣ ከኋላው የቆመ የውሃ ጠርሙስ የተለመደ ነው። ማሞቂያ ጀበናውን ክፈቺ፤ ያደረ ውሃና ነጭ ደለል እዚያ አለ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሺው።

መታጠቢያ ቤት ቁመሽ ብቻ አትዪ። የመጸዳጃው ክዳን ላይ ተቀመጪና እንግዳው የሚያየውን እዪ፦ የበሩ ጀርባ፣ የእጅ መታጠቢያው ሆድ ስር ያለው ቧንቧ፣ የሶፍት መያዣው ታች። መስታወት ፊት ለፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፤ ጎን ቆመሽ ብርሃኑ ሲያርፍበት ነው ጭረትና ጠብታው የሚወጣው። የሻወሩን መውረጃ ወንፊት በጣትሽ አንሺው። ላዩ የጸዳ፣ ስሩ ግን ፀጉር የተጠመጠመበት ወንፊት ክፍሉን ሁሉ ያስነቅፋል። ቧንቧውን ከፍተሽ ሙቅ ውሃ እስኪመጣ ቁጠሪ።

ተረኛ_44
ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን የተጣመመ ትራስ አየሁ ብሎ ልጅቷን ከ4ኛ ፎቅ መጥራት ጊዜ መግደል ነው። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ አስተካክሎ ክፍሉን ይልቀቀው። እንግዳው ሎቢ ቁጭ ብሏል እኮ።

የፍተሻ_ሰው
ወንድሜ፣ እንግዳው ሎቢ ካለ አስተካክለህ ልቀቀው፣ በዚህ አልከራከርህም። ግን ጻፈው። ሳይጻፍ የተስተካከለ ስህተት ነገም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም። ሱፐርቫይዘሩ በሳምንት 40 ትራስ ሲያቀና ይውልና አቴንዳንቷ ሥራዋ ትክክል እንደሆነ ታምናለች። በኋላ ተቆጥታችሁ ስትነግሯት ደግሞ «እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም» ትላለች፣ እውነቷን ነው።

ማስታወሻው ላይ «ክፍሉ ቆሻሻ ነው» ተብሎ አይጻፍ። «412፣ የሻወር ወንፊት ስር ፀጉር» ይባል። በዚያው ሰዓት ውስጥ ለብቻዋ ወስደሽ ቦታውን አሳዪያት፤ ሌሎቹ ፊት አይደለም። እሷው ታስተካክለው፣ አንቺ ድጋሚ እዪው። በሳምንቱ መጨረሻ ማስታወሻዎቹን አንድ ላይ ዘርጊያቸው። አንድ ስህተት በአንዲት ልጅ ክፍሎች ብቻ ከተደጋገመ የማሳየት ጉዳይ ነው። በሁሉም ክፍል ከታየ ግን ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ዕቃው፣ መድኃኒቱ ወይም ሰዓቱ ነው።

የፎቅ_ኃላፊ
የመጨረሻዋ ነጥብ ዋናዋ ናት። ምሳሌ ልስጥ። በሁሉም ክፍል መስታወቱ ላይ ጭጋግ ከቀረና ወለሉ ተረከዝ የሚይዝ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጽዳት መድኃኒቱ ስለበዛ ነው። ጠርሙሱ ላይ 1 ለ 50 ከተባለ ለ500 ሚሊ ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ የሁለት ሻይ ማንኪያ ያህል። በዓይን ግምት የሚቀዳ ሰው ሦስትና አራት እጥፍ ያደርገዋል። የተረፈው ሳሙና ላዩ ላይ ይደርቅና አቧራ ይስባል፣ ከዚያ «አልጸዳም» ተብሎ እንደገና መድኃኒት ይጨመርበታል። መለኪያ ኩባያ ገዝቶ ማቀላቀያው ቦታ በሰንሰለት ማሰር ከማንኛውም ስልጠና ይበልጣል።

ጨርቅም እንደዚሁ። ቀይ ለመጸዳጃ፣ ቢጫ ለመታጠቢያና ለሻወር፣ ሰማያዊ ለክፍሉ የቤት ዕቃ። ቀለሙ ከሆቴል ሆቴል ሊለያይ ይችላል፣ በአንድ ሆቴል ውስጥ ግን መለያየት የለበትም። ያገለገለ ፎጣ ለወለል መጥረጊያ መጠቀም ፈጽሞ አይፈቀድ። ወደ ላውንደሪ ተመልሶ ታጥቦ የእንግዳ መስቀያ ላይ ይሰቀላል። የተጣለ ፎጣ ለጨርቅነት የሚውል ከሆነ ይቆረጥ ወይም ይነከር፣ እንዳይመለስ።

ተረኛ_44
ስለ መድኃኒት ከተነሳ፦ በረኪናን ከአሲድነት ካለው የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር ማቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ከአሞኒያ ጋርም ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በጠባብና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። በአንድ ትሮሊ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን እንዳይቀመጡ እኔ እንደ ሕግ ነው የማየው። ስም ያልተለጠፈበት የሚረጭ ጠርሙስም ይጣል፣ «ውሃ ነው» ቢባልም።

ሌላው፣ ጀርም ገዳዩ ተረጭቶ ወዲያው ከተጠረገ አልሠራም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ስለዚህ ገብታ መጀመሪያ መጸዳጃውን ትርጨው፣ ጓንቷን አውልቃ እጇን ትታጠብ፣ አልጋውን ትግፈፍ፣ ከዚያ ትመለስ። ደቂቃ ሳይጨመር ሁለቱም ይሠራል።

አዲስ_ሱፐርቫይዘር
በጣም አመሰግናለሁ፤ የነጥቡን ድልድል ለነገ እየሠራሁት ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። «አትረብሹኝ» የተሰቀለበት ክፍል ቀኑን ሙሉ ሳይነሳ ቢውልስ? እና ሪሴፕሽን «እንግዳ አለ» ያለው ክፍል ሲከፈት ባዶ ሆኖ ቢገኝ ሱፐርቫይዘሩ ምን ያድርግ?

ሪሴፕሽን_ማታ
ከእኛ በኩል ልመልስ። ምልክቱ ያለበት በር አይንኳኳም፤ አቴንዳንቷ የሥራ ወረቀቷ ላይ ሰዓቱን ትጽፍና ታልፋለች። በሁለተኛ ዙር፣ 12፡00 ገደማ፣ ታየዋለች፤ አሁንም ካለ ሰዓቱን ትጽፋለች። 14፡00 ላይ ሱፐርቫይዘሩ ለሪሴፕሽን ያሳውቃል፣ እኛ ክፍሉ ውስጥ እንደውላለን። ካነሱት ጽዳት ወይም ፎጣ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቀን መልሱን እንመዘግባለን። ስልኩ ካልተነሳ ወይም ምልክቱ እስከ ማግስቱ ካልተነሳ የሚገባው ሱፐርቫይዘርና ጥበቃ አብረው ነው። አቴንዳንቷን ብቻዋን መላክ አይገባም፤ ውስጥ የታመመ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል። ሦስት ጊዜ ማንኳኳት፣ በየመሐሉ ማን እንደሆኑ መናገር፣ ቆም ብሎ መስማት፣ ከዚያ መክፈት። የደህንነት ሰንሰለቱ ከውስጥ ታስሮ ከሆነና መልስ ከሌለ ጉዳዩ የጽዳት መሆኑ ያበቃል፤ ወዲያው የሆቴሉ ተረኛ ኃላፊ ይጠራል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፦ እኛ ዘንድ «እንግዳ አለ»፣ እናንተ ዘንድ «ባዶ» ከሆነ እንግዳው ሳይከፍል ሄዶ ሊሆን ይችላል። የተገላቢጦሹ፣ እኛ ዘንድ «ባዶ»፣ እናንተ ዘንድ ሻንጣ ካለ፣ ወይ ቼክ አውቱ በስህተት ተመዝግቧል ወይ ክፍል ተቀይሮ አልተጻፈም። ሦስተኛም አለ፦ ሻንጣው አለ፣ አልጋው ግን አልተነካም። ይህ የሌሊቱ ፈረቃ ማወቅ ያለበት ነገር ነው። በሦስቱም ምንም ሳይነካ፣ አንሶላ ሳይገፈፍ፣ ይደወልልን። ለዚህ ነው በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ሥራ ሲጀመርና ከሰዓት በኋላ፣ የክፍል ሁኔታ ዝርዝር ከእኛው ጋር የሚመሳከረው። ከሰዓት በኋላ ያለውን የሚዘል ሆቴል ሊሸጥ የሚችል ክፍል ባዶ እያሳደረ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ልመና፦ «አውት ኦፍ ኦርደር» እና «አውት ኦፍ ሰርቪስ» አታምታቱብን። የመጀመሪያው ለሽያጭ የማይቀርብ ነው፤ ከሚሸጡት ክፍሎች ቁጥር ላይ ይቀነሳል፣ የሆቴሉን የመያዝ መቶኛ ይቀይራል። ሁለተኛው አምፖል ለመቀየር ወይም ምንጣፍ ለማድረቅ ለአጭር ጊዜ የተያዘ ክፍል ነው፤ ከቁጥሩ አይወጣም። ለአምፖል ብላችሁ «አውት ኦፍ ኦርደር» ስታደርጉት ሪፖርታችን ይዛባል።

መንገደኛ_7
ትኋንስ? እንግዳ «ተነክሻለሁ» ቢል ሱፐርቫይዘሩ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምን ያደርጋል?

የፍተሻ_ሰው
መጀመሪያ ክርክር የለም። ንክሻ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ የወባ ትንኝም ሊሆን ይችላል፤ ግን ይህ ለእንግዳው የሚነገር ነገር አይደለም። ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር፤ ጎን ያለው፣ በቀጥታ ከላይ ወይም ከታች ያለው አይሁን። የግድግዳ ስንጥቅና የሶኬት ቀዳዳ ለትኋን መንገድ ነው።

ከዚያ በእጅ ባትሪ ፈትሺ፦ የፍራሹ ስፌት፣ በተለይ በራስጌ በኩል ሁለቱ ማዕዘኖች፣ የራስጌው ሰሌዳ ጀርባ (ከግድግዳው ይነቀል)፣ የአልጋው እንጨት መጋጠሚያ፣ የኮመዲኖው መሳቢያ ስር። የምትፈልጊው አንድ ትልቅ ነፍሳት ብቻ አይደለም። ያደገችው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር፣ የፖም ፍሬ የምታክል፣ ጠፍጣፋና ቡናማ ናት። ከእሷ በፊት የሚታየው ግን በቀለም እስክሪብቶ የተነካ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ፣ የተጣለ ቆዳና አንሶላ ላይ ያለ የደም ጠብታ ነው።

ምልክቱ ከተገኘ ክፍሉ «አውት ኦፍ ኦርደር» ይሁን፤ ይህኛው ይገባዋል። አንሶላና መጋረጃው እዚያው ክፍል ውስጥ ከረጢት ገብቶ ይታሰር። ትሮሊ ላይ ተጭኖ ኮሪደሩን እንዳይዞር። በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ይታጠብና በከፍተኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ። ግራ፣ ቀኝ፣ ላይና ታች ያሉት አራት ክፍሎች በዚያው ቀን ይፈተሹ። በገበያ የሚሸጥ የነፍሳት መርጫ አይረጭ፤ ይበትናቸዋል፣ አንድ ክፍል የነበረው ችግር አራት ይሆናል። እንቁላሉ ከ6 እስከ 10 ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል ባለሙያው አንዴ አክሞ ከሄደ አልበቃም። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሶ ማየት አለበት፣ ክፍሉም ከዚያ በፊት አይሸጥ።

ሊነን_ክፍል
አንሶላ ሲነሳ ቁጥሩን ልናገር፣ ብዙ ሱፐርቫይዘር ሲዘገይ ጥፋቱን ልጆቹ ላይ የሚጥለው አንሶላ ጠፍቶ ሳለ ነው። ትንሹ ልክ 3 ሙሉ ስብስብ ነው፦ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ ላውንደሪ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ። 120 አልጋ በሁለት አንሶላ 240፤ በሦስት 720 አንሶላ። ላውንደሪው ከሆቴሉ ውጭ ከሆነና 48 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ 4 ወይም 5 ስብስብ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሲያንስ አንሶላው ከማድረቂያ ወጥቶ ሳያርፍ በቀጥታ አልጋ ላይ ይወጣል፤ ጨርቁ ቶሎ ይሳሳል፣ መጨማደዱም አይለቅም። 24 ሰዓት መደርደሪያ ላይ ቢያርፍ ዕድሜው ይረዝማል። አዲስ የታጠበው ከታች ይግባ፣ ከላይ ያለው ይውጣ። አለበለዚያ የላይኞቹ 200 አንሶላዎች ብቻ ዓመቱን ሙሉ እየታጠቡ ያልቃሉ።

የፎቅ_ኃላፊ
20ዎቹን ባዶ ክፍሎች ማንም አላነሳም። ባዶ ማለት ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ለቀናት ያልተከፈተ ቧንቧ ውስጥ የቆመ ውሃ የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ መራቢያ ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይራባል፣ የሚተላለፈውም ሰው የሻወሩን እንፋሎት መሳይ ጠብታ ሲተነፍሰው ነው። የሚያመጣው በሽታ፣ የሌጂዮኔሮች በሽታ፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ሆቴል ለስብሰባ የተሰበሰቡ የአሜሪካን ሌጂዮን ማኅበር የቀድሞ ወታደሮች በሳንባ ምች ከወደቁ በኋላ ነው። ባክቴሪያው የታወቀው በ1977 መጀመሪያ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ከመጀመሪያውም የሆቴል ጉዳይ ነው።

ሥራው ቀላል ነው፦ ባዶ ክፍል ቢያንስ በሳምንት አንዴ የሻወሩ፣ የእጅ መታጠቢያው ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ለ5 ደቂቃ ያህል ይፍሰስ፣ መጸዳጃውም ይለቀቅ። የሻወሩ ራስ ወደ መውረጃው ዝቅ ብሎ ይያዝ፣ ጠብታው እንዳይበን። ሙቅ ውሃው ከማጠራቀሚያው 60 ዲግሪ ወጥቶ ቧንቧው ላይ ቢያንስ 50 መድረስ አለበት። ሱፐርቫይዘሩ ቴርሞሜትር ይዞ ከየፎቁ ከማሞቂያው በጣም የራቀውን ክፍል ይለካ። ቁጥሩ ካነሰ ለጥገና ክፍል በጽሑፍ ይላክ። ውሃው መፍሰሱ ደግሞ የወለሉን ፍሳሽ መውረጃ እርጥብ ስለሚያደርገው ያ የመጀመሪያው በር ላይ የሚሸተው ሽታ አብሮ ይጠፋል።

ተረኛ_44
የፍተሻ ሰው፣ ስለ መጻፉ ያልከው ገብቶኛል። አስተካክዬም እጽፋለሁ፣ ሁለቱም ይሁን።

አዲስ_ሱፐርቫይዘር፣ ማታ ስታስረክቢ አራት ነገር ብቻ ጻፊ፦ ምልክቱ ሳይነሳ የዋለ ክፍል፣ ለጥገና የተላከና ያልተመለሰ፣ ተረስቶ የተገኘ ዕቃ ከክፍል ቁጥሩና ከሰዓቱ ጋር፣ እና የማስተር ቁልፎቹ (ብዙ ክፍል የሚከፍቱት) ቁጥር። ቁልፉ ሳይቆጠርና በፊርማ ሳይመለስ ማንም አይውጣ። አንድ ከጎደለ መጀመሪያ የሚታየው የቆሻሻ አንሶላው ከረጢት ነው፤ ከኪስ ወጥቶ የሚገባው እዚያ ነው።